ባለ ፎቅ በረባሶ በአንኮበር ዳገት

አንባቢ ሆይ፣ ፊትዎን ሳያይ፣ ድምፅዎን ሳይሰማ፣ ከሩቅ አረማመድዎን ብቻ አይቶ «እገሌ መጣ» ያለ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኔ በየቀኑ ይገጥመኛል። ተማሪዎቼ ገና ከአጥሩ ማዶ ሳለሁ «መጣ! መጣ!» ይላሉ። በምን እንደሚያውቁኝ ስጠይቃቸው አንዱ ተነሥቶ፣ «ቲቸር፣ እርስዎ ሲሄዱ ዝናብ የመጣባት ዶሮ ይመስላሉ» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እውነት ስለሆነ አልቀጣሁትም።

ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። በጥር ዕረፍት የሰውን አረማመድ የሚያጠኑ አንድ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ተከትዬ ከደብረ ብርሃን እስከ አሊዩ አምባ ወርጄ፣ ደግሞም ወጥቻለሁ። ያየሁትን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ። መምህር ነኝና ማብራሪያ ባበዛ ይታገሡኝ።

የመጀመሪያው ቀን፣ ንጋት። ደብረ ብርሃን

ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። ላንድሮቨሯ አልነሣም ብላ ሾፌሩ በላቸው ራዲያተሯ ውስጥ ሙቅ ውሃ ያፈስሳል። በርኖሱን እስከ ጆሮው ተከናንቧል።

«የዚህ አገር ብርድ እንኳን ሰውን ብረትንም ያስተኛል» ይላል።

ዶክተር ምናሴ ከአዲስ አበባ የገቡት ትናንት ማታ ነው። ረጅምና ቀጭን ሰው ናቸው፤ የሚያነጋግራቸውን ሰው ዓይን ሳይሆን ጉልበት የማየት ልማድ አላቸው። ግማሹ ሥራቸው የተሰበረ አጥንት መግጠም ነው። ሌላው ግማሽ ያ የተገጠመ ሰው ወደ ቤቱ ተመልሶ እንዴት እንደሚሄድ፣ እንደሚሸከም፣ እንደሚወጣና እንደሚወርድ መመርመር ነው። ለሁለተኛው ሥራ ቀን የሰጣቸው የለም። የሚሠሩት በዓመት ዕረፍታቸው ነው። አለቃቸው «ሐኪም የሚያየው ራጅ ነው እንጂ ገበያ አይደለም» ብለዋቸዋል።

«እርስዎስ ምን መለሱ?» አልኳቸው።

«ራጅ ሰው ተኝቶ የሚነሣው ፎቶ ነው፤ ተኝቶ የሚኖር ሰው ግን አላውቅም አልኩ። የቤንዚን ኩፖኑን ፈረሙልኝ፤ መጠኑን ግን ቀነሱት።»

የምንሄደው አንዲት ሴት ለማየት ነው፤ እትዬ ዘሀራ ትባላለች። ደብረ ብርሃን ከመዛወሬ በፊት አሊዩ አምባ ሳስተምር ቤቷ ተከራይቼ ኖሬያለሁ፤ እንደ ታላቅ እኅቴ ስለሆነች አንቺ ነው የምላት። ከቆላ በርበሬና ጥጥ በበቅሎ ጭና፣ ከኋላ በእግሯ እየተከተለች ደጋ የምታወጣ ነጋዴ ናት። አምና ዳገቱ ላይ ወድቃ ጭኗ ተሰበረ። ዶክተር ምናሴ አዲስ አበባ ላይ ብረት አስገብተው ገጠሙላት። አጥንቱ ገጠመ፤ ነገር ግን የግራ እግሯ ሁለት ጣት ያህል አጠረ። ለማካካሻ ግራው ወፍራም ሶል ያለው ጥቁር የቆዳ ጫማ አሠርተው ሰጧት። ያም ሆኖ ወገቧ ከነሕመሙ ቀረ። ስለዚህ ሐኪሙ አሁን የሚወርዱት ክፉ ወሬ ይዘው ነው፤ ጫማው ካልሠራ አጥንቱ እንደገና ተሰብሮ መስተካከል አለበት። ያ ማለት ደግሞ ለወራት መተኛት ነው፤ የተኛ ነጋዴ ደግሞ ነጋዴ አይደለም።

ረፋድ። ኬላ፣ ከዚያም የአንኮበር መንገድ

ኬላው ላይ ጠባቂው የይለፍ ወረቀታችንን አገላብጦ አየና ወደ ዶክተሩ ቦርሳ ዞረ። ሲባጎ፣ ቱምቢ፣ ሜትር፣ የማዕዘን መለኪያ አወጣ።

«ጓድ ሐኪም፣ ይህ የመሬት መለኪያ ነው።»

«የእግር መለኪያ ነው።»

«እግር የሚለካ ጫማ ሰፊ ነው!»

«የቀኝ ጉልበትህን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምህ?» አሉት ዶክተሩ ድምፃቸውን ሳይለውጡ።

ጠባቂው አፉን ከፈተ። «ማን ነገረዎት?»

«ከዳሱ እስከ መኪናው ስትመጣ አየሁህ። ቀኙን ሳታጥፍ ነው የምትወረውረው።»

ሱሪውን እዚያው ጠቅልሎ አሳያቸው። እንዴት መቀመጥ፣ እንዴት መነሣት እንዳለበት ነገሩት፤ ገመዱን አነሣልን። በላቸው ማርሽ እያስገባ፣ «ለሁሉም ኬላ አንድ አንድ ጉልበት ቢሰጠን ምጥዋ እንደርስ ነበር» አለ።

መንገዱ ጠጠር ነው። ግራና ቀኝ የገብስ አውድማ፣ የድንጋይ ካብ፣ እንደ ጎጆ የተከመረ ኩበት። በሬዎች ክብ እየዞሩ ይወቃሉ። አንዲት ሴት መኪናውን አስቁማ የገብስ ቆሎ በስሙኒ ሸጠችልን፤ ገና ትኩስ ነው፤ እስከ ጎረቤላ አፋችን ሥራ አልፈታም።

ጎረቤላ፣ ማለትም የአንኮበር ከተማ፣ ምድር የሚያልቅበት ይመስላል። ከገደሉ ሥር ጉም እየተንከባለለ ይወጣል፤ ሲገለጥ ቆላው እንደ ቢጫ ቁርበት ተዘርግቶ ይታያል። በላቸው መኪናዋን አቆመና ወርዶ ጎማዋን መታ መታ አደረጋት።

«እኔ የምሄደው ጎማ ካለው ጋር ብቻ ነው። በእግር መውረድ የእናንተ ትምህርት ነው» ብሎ ቀረ።

ቀትር። ቁልቁለቱ

ከከተማው ጥቂት ወረድ እንዳልን መንገዱን የምታቋርጥ አንዲት ትንሽ ምንጭ አለች። ከቆላ የወጡ ሰዎች ዳር ዳሯ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«ምን እያደረጉ ነው?» አሉኝ ዶክተሩ።

«እግራቸውን ይታጠባሉ» አልኩ። ሐሰት አልተናገርኩም፤ ይህን ቃል ግን አንባቢ ያዝ ያድርጉልኝ።

ዶክተር ምናሴ ሲወርዱ በየጥምዝማዙ እየቆሙ ወጪውን ሰው ያያሉ። በርበሬ የጫኑ አህዮች፣ ፓፓያ በቅርጫት ያዘሉ ሴቶች፣ የበቅሎ ጭራ ይዘው የሚጎተቱ ሽማግሌ። እኔም ምን እንደሚያዩ ጠየቅኋቸው፤ የተማርኩትን ላካፍል። ቁልቁለት ላይ ጉልበት ፍሬን ነው፤ ከሰውነት ክብደት ጋር ይታገላል። ዳገት ላይ ጭንና መቀመጫ ሞተር ናቸው። አንድ እግር ያጠረ እንደሆነ ዳሌ ወደዚያው ይዘምማል፤ እንዳይወድቅ ወገብ ይጎትተዋል። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ የሚጎትት ወገብ ማታ ቢጮህ ምን ይገርማል?

አሥር ሰዓት ገደማ። አሊዩ አምባ

ቆላው እንደ ምድጃ ተቀበለን። ኮቴን አውልቄ ትከሻዬ ላይ ጣልኩ። ገና ከግቢው በር ሳንደርስ ከውስጥ ድምፅ ተሰማ።

«ያ የሚቸኩለው መምህር ነው! ኮቴው ነገረኝ!»

እትዬ ዘሀራ ምርኩዝ ይዛ ወጣች። አምሳ ይሆናታል፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ዓይኗ ሳቂታ ነው። አረማመዷን ሳይ ግን ልቤ ደነገጠ። በየእርምጃው ወደ ግራ ስምጥ ትላለች።

ታናሽ ወንድሟ ሰይድ ከበሩ አጠገብ በቅሎዋን ይቦርሻል። በቅሎዋ እንዲህ ስታምር አይቻት አላውቅም።

«ለሰርግ ነው?» አልኩት።

«ለገበያ ነው። ነገ ጎረቤላ ወስጄ ልሸጣት ነው» አለ ቀና ሳይል። «እግር የሌለው ሰው በቅሎ ምን ያደርግለታል?»

«እግር የሌለውማ ነው በቅሎ የሚያስፈልገው!» አለች እኅቱ። «አንተን ብሎ አዋቂ!»

«ትቀመጥ አልኩ፣ ዶክተር። ጥፋቴ ይህ ነው» አለ ሰይድ። «አምና ከገደል አፋፍ በቃሬዛ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ስታቃስት የሰማሁት ከጆሮዬ አልወጣም። ሁለተኛ አልሸከምም።»

ክፋት ቢሆን በተከራከርነው ነበር።

ዶክተሩ ሥራ ጀመሩ። ከምድጃ አመድ አስመጥተው በወንፊት እየነፉ ጠፍጣፋው ግቢ ላይ ረጩት፤ እንደ ትልቅ ወረቀት ሆነ። እትዬ ዘሀራ በባዶ እግሯ ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት። ዱካው ያለ አስተርጓሚ ይነበባል፤ የቀኙ ተረከዝ ጠልቋል፣ የግራው በጣት ብቻ ተነክቷል፣ አንዱ እርምጃ ረጅም አንዱ አጭር ነው።

«አሁን በጫማው» አሉ።

ጫማውን ከሣጥን አወጣች። በነጭ ሻሽ ተጠቅልሏል። ሲፈታ ቅቤ ቅቤ ሸተተ፤ ቆዳው እንዳይደርቅ እየቀባች ነው የኖረችው። ዶክተሩ ግራውን አንሥተው ገለበጡት። ሶሉ ላይ አንድ ጭረት የለም።

«እትዬ ዘሀራ፣ ይህ ጫማ የት የት ሄዷል?»

«ብዙ ቦታ! ለሁለት ዒድ ሄዷል። ለእኅቴ ልጅ ሰርግ ሄዷል። ጎረቤላም ምርመራ ስትጠሩኝ ሄዷል።»

«ጎረቤላ ድረስ አድርገውት ወጡ?»

«ወላሂ እኔ እንዲያ ያለ ስድ አይደለሁም! በቅሎ ላይ ተቀምጬ፣ ጫማውን በእጄ አቅፌ። ከምንጯ ስደርስ እግሬን ታጥቤ አጠለቅሁት። የጤና ጣቢያው ነርስ ጫማውን አይቶ በደንብ ስለያዝኩት አመሰገነኝ።»

ዶክተር ምናሴ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ እዚያች ምንጭ ላይ ሰዎቹ ምን ያደርጋሉ ነበር ያልከኝ?»

«እግራቸውን ይታጠባሉ... ከዚያም ጫማቸውን ያደርጋሉ» አልኩ።

በዚህ አገር ጥሩ ጫማ መንገድ አይሄድም። መንገዱን የሚሄደው እግር ነው፤ ጫማ በእጅ ወይም በዱላ ጫፍ ተንጠልጥሎ እስከ ከተማ ዳር ይመጣል፤ ከሰው ፊት ሲደርስ ይጠለቃል። እኛ ስለምናውቀው ማንም አይናገረውም፤ ሐኪሙ ስለማያውቁት አልጠየቁም። ጫማው መድኃኒት መሆኑ ቀርቶ ጌጥ ሆኖ ከረመ። ሕመሙ አልተሻለም ሲባል ጫማው ተወቀሰ፤ ጫማው ግን አንድ ቀን እንኳ ሥራ አልገባም!

ዶክተሩ አመዱ ዳር ቁጭ ብለው ረጅም ጊዜ ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ፊታቸው ተለወጠ። «ይህን ሳላይ ቀድጄያቸው ቢሆንስ?» አሉ ለራሳቸው።

በጫማው አመዱን ደግማ ሄደች። የግራው ተረከዝ አሁን መሬት ነካ። ዳሌዋ ቀጥ አለ። እኔ «አየሽ!» ብዬ ጮህኩ፤ እርሷ ግን ወዲያው አጎንብሳ አመዱን ከቆዳው ላይ በነጠላዋ ጠረገች። እንግዲህ ይህ ጫማ ምን ቢባል ድንጋይ አይረግጥም።

«የማያሳሳ ጫማ ያስፈልጋል» አሉ ዶክተሩ። «እዚህ የጎማ በረባሶ የሚሠራ አለ?»

አለ። ከመስጊዱ ወረድ ብሎ የጎማ ቁራጭ ተራራ ውስጥ ይቀመጣል። ሐኪሙ አጠገቡ ተቀምጠው በሜትራቸው እየለኩ፣ እርሱ በስለቱ እየቆረጠ፣ የግራው በረባሶ በጎማ ላይ ጎማ፣ በዚያ ላይ ሌላ ጎማ ተደርቦ በምስማር ተመታ። ሰው ተሰበሰበ። «ባለ ፎቅ በረባሶ!» እያሉ አሾፉ። ሠሪው «ፎቁን ቀበሌ እንዳይወርስባችሁ» አለ፤ ከዚያ ግራና ቀኝ አይቶ ወደ ምስማሩ ተመለሰ።

እትዬ ዘሀራ አጠለቀችና ግቢውን ዞረች። ምርኩዟን አጥሩ ላይ ሰቀለች።

«ሰይዶ፣ ስማኝ። በቅሎዋ ነገ ልትሸጥ ትወጣለች። እኔም አብሬያት በእግሬ እወጣለሁ። ከላይ የደረስኩ እንደሆነ ሁለታችንም እንመለሳለን።»

«ነገ?» አሉ ዶክተሩ ደንግጠው። «በመጀመሪያ እስከ ወንዙ፣ በሳምንቱ ደግሞ...»

«ዶክተር፣ ገበያው ነገ ነው።»

ሁለተኛው ቀን፣ ማለዳ። ዳገቱ

ሰይድ በቅሎዋን እየሳበ ቀደመ። ጥቁሩ ጫማ በሻሹ እንደተጠቀለለ ኮርቻው ላይ ተንጠልጥሏል። እትዬ ዘሀራ ተከተለች። ዶክተሩ ከኋላ ዳሌዋን እያዩ፣ እኔ ከጎን።

ዳገቱ ገና ሲጠና ሰይድ ዞረ። «ጭራዋን ያዥ።»

«ጭራ ለዝንብ ነው።»

«እንግዲያው ኮርቻው ላይ ውጪ።»

«በቅሎዋ የምትሸጥ ዕቃ ናት፤ በሰው ዕቃ ላይ አልቀመጥም!»

አንዲት ቁልቁል የምትወርድ ጎረቤት አይታት በጥፍሯ ቆመች። «ዘሀራ! ማን ፈቀደልሽ? ቁጭ በይ አልተባልሽም?» «ተባልኩ። ሰልችቶኝ ተነሣሁ» አለቻትና አለፈች። እኔ ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ስትሰበር የረዳት ብዙ ነበር፤ ከዳነች በኋላ ግን ያ ሁሉ ሰው፣ ወዳጅ ዘመዱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ጎረቤቱ፣ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ቁጭ በይ። ቃሉ የአዘኔታ ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ እምቢ ለማለት ያስቸግራል። እርሷ ግን በየእርምጃዋ እምቢ እያለች ትወጣለች፤ የጎማው ድምፅ ራሱ ድንጋዩ ላይ እምቢ፣ እምቢ የሚል ይመስላል።

እኩሌታ ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ ጋ ቆመች። የደከማት መስሎን ሁላችንም ተጠጋን። የወደቀችበት ቦታ ነው። ሰይድ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ።

«ይሄ ድንጋይ ዓመት ሙሉ ሲፎክርብኝ ከረመ» አለች። ዘርጋ ብላ ተቀመጠችበት። ፓፓያ አውጥታ በቢላዋ ቆራርጣ ለሁላችን አደለች፤ ልጣጩን እዚያው ድንጋዩ ላይ ጣለችለት። «እንካ፣ ድርሻህን» አለችው። ከዚያ በባለ ፎቁ እግሯ ረግጣው ተነሣች።

ጥቂት እንደሄድን መከራ መጣ። ምስማሩ ለቀቀና የታችኛው ጎማ አፉን ከፈተ። አንድ እርምጃ፣ ተንገዳገደች፤ እጄን ያዘች። ፊቷ ነጣ። ከላይ ጉሙ እየወረደ መንገዱን ይሸፍናል።

«ይበቃል» አሉ ዶክተሩ። «ከዚህ በላይ በበቅሎ። ለዛሬ ያየሁት ይበቃኛል።»

«ለእርስዎ ይበቃ ይሆናል» አለች።

ሰይድ የበቅሎዋን ልጓም ለእኔ ሰጠኝ። ሊያስቀምጣት ነው ብዬ አሰብኩ። እርሱ ግን በጉልበቱ ተንበረከከ፤ እግሯን አንሥቶ ጭኑ ላይ አደረገ። በረባሶውን አወለቀና ድንጋይ አንሥቶ ምስማሩን ይደበድብ ጀመር። አልጠበቀለትም። በረባሶውን መልሶ አጠለቀላትና ከኮርቻው የጠፍር ቁራጭ በጥሶ ሶሉን ከነእግሯ ጠመጠመው፤ በጥርሱ ሳበው።

«ጠበቀብሽ?»

«ደኅና ነው።»

«ቀስ በይ እንግዲህ። ትከሻዬ አልዳነም» አለ። ከዚያ በኋላ በቅሎዋን እኔ ነኝ የሳብኩት፤ እርሱ ከእኅቱ ኋላ ሆነ።

ቀትር። ምንጯ፣ ከዚያም ጎረቤላ

ጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የሰማነው የውሃውን ድምፅ ነው። ምንጯ ዳር እንደ ልማዱ ሰው ተቀምጦ እግሩን ይታጠባል፣ ጫማውን ያጠልቃል። እትዬ ዘሀራም ተቀመጠች። ላቧን ጠረገች። «አልሐምዱሊላህ» አለች።

ሰይድ ጥቁሩን ጫማ ከነሻሹ አውርዶ አቀረበላት። ያ ሁሉ ሰው ያያል። እርሷ ጫማውን አየች፣ በጭቃና በጠፍር የተጠቀለለውን ጎማዋን አየች።

«እሱን መልሰህ ስቀለው» አለች። «ያወጣኝ ይግባ።»

እንዲህ ሆኖ ከአገሩ ነጋዴ ሁሉ የበለጠ የጫማ ኩራት ያላት ሴት፣ ሁሉም ያማረውን አጥልቆ በሚገባበት ገበያ፣ ባለ ፎቅ በረባሶዋን እያንኳኳች በመካከል ገባች። የሳቁ ነበሩ። እርሷም አብራቸው ሳቀች፤ ግን አልቆመችም። በቅሎዋን ሊገዛ የመጣው ሰው ሮጦ ሰይድን ያዘው።

«ይህች ናት?»

«ይህች ነበረች» አለ ሰይድ። «ባለቤቷ ተከትላት መጣች። ምን ላድርግ?»

በላቸው ከመኪናው ጣራ ላይ ሆኖ አይቶናል። ዘሎ ወረደና የእትዬ ዘሀራን እግር ትኩር ብሎ አየ። «ጎማ ካለው ጋር እሄዳለሁ ብዬ አልነበረም? እኔን ትታችሁኝ ጎማ ያላትን ይዛችሁ መጣችሁ!»

ስንመለስ ኬላው ላይ ዶክተር ምናሴ፣ «ለአለቃዬ ምን እንደምላቸው አውቄያለሁ» አሉ። «ገበያ ሄጄ አንድ ቀዶ ጥገና ሰርዤ መጣሁ እላቸዋለሁ።»

አንባቢ ሆይ፣ አሁን ተራው የእርስዎ ነው። ነገ ጠዋት አመድ ነፍተው ግቢዎ ላይ ይበትኑና በባዶ እግርዎ ይሂዱበት፤ ዱካዎን አጎንብሰው ያንብቡ። ከዚያ ጫማዎን ገልብጠው ይዩት፣ የት እንደሄደና የት እንዳልሄደ ይነግርዎታል። በቤትዎም «ቁጭ በይ»፣ «ቁጭ በል» የተባለ ሰው ካለ፣ አመዱን ለእርሱም ይበትኑለትና ክንዱን ይዘው አንድ ጊዜ ያስኪዱት።